በቀን የሚቀዳ ውሃ

እስራኤል አገር፣ ቂርያት ጋት ከተማ፣ ይታይሽ ከሚፍዓሉ፣ ሱሪ ከምትሰፋበት ፋብሪካ፣ ቤቷ ገብታ ጫማዋን ሳታወልቅ ስልኩ ጮኸ።

— ሄሎ? ... ማን ልበል? ... ካሣሁን? የእትዬ አስናቁ ልጅ? ... ውይ ካሣ፣ በሞቴ፣ ከየት ነው የምትደውለው? ... ከጎንደር ቴሌ። እንግዲያ ሰልፉን አውቀዋለሁ፣ ቶሎ ቶሎ እናውራ። — ሮኒ ልጄ፣ ረጋ፣ አንድ ጊዜ ቆዪ፣ ቴሌቪዥኑን ቀንሺው፤ ከአገር ነው። እማዬ፣ ነይ፣ ካሣሁን ነው።

— ሄሎ፣ ትሰማኛለህ? ... ካሴቱ ደረሰህ? እማዬ የምንጩን ቦታ የተናገረችበት? ... እና ቆፈራችሁ? ... እሷ ባለችው ቦታ፣ ከገሉ ክምር ሥር? ... አራት ክንድ ብቻ? ... ካሣ፣ እስቲ ድገመው። ... — እማዬ፣ ውሃው ወጥቷል። አራት ክንድ ላይ።

እናቷ ወርቅአገኘሁ በአገሯ ሸክላ ሠሪ ነበረች። ወደ እስራኤል ስትነሳ ትቀዳበት የነበረውን ምንጭ ከብት እንዳያደፈርሰው ድንጋይ ጭናበት፣ የተሰባበረ ማሰሮዋን ሁሉ ከላዩ ከምራበት ነው የወጣችው። አሁን ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጠችና ጭቃ እንደነካው ሰው እጇን በቀሚሷ ትጠርግ ጀመር።

— እሷማ ምን ትላለች፣ እጇን ትጠርጋለች። ... ፓምፑም ተተከለ? ትምህርት ቤቱ በር ላይ? ... የእርዳታ ሰዎቹ ይባረኩ። ... አበቡስ፣ ያቺ የጻፍክልኝ ዓይነ ስውር ልጅ? ... በጣት የሚነበበውን የሚያስተምር መምህር አመጡላት? ከሌሎቹ ልጆች ጋር አንድ ወንበር ላይ? ... እሰይ። እህቷም ውሃ ፍለጋ መሄዱ ከቀረላት ጠዋት ጠዋት ትመራታለቻ። እንግዲህ ምን ቀረን?

— ... አይቀዱም? ለምን አይቀዱም? ... አሃ።

ይታይሽ ወንበር ስባ ተቀመጠች።

— የቡዳ ውሃ ነው አሉ። ... ተናገረው፣ አትፈር፤ ስንሰማው ነው ያደግነው። — እማዬ፣ ያንቺን ውሃ ቡዳ አለበት ብለው አንጠጣም ብለዋል። ... ካሣ፣ ምን አለች መሰለህ? «ቡዳዎቹ ቂርያት ጋት ሱሪ እየሰፉ ነው፤ ፈረቃው ሰው ለመብላት ፋታ አልሰጣቸውም» በለው አለች። ... ሳቅ፣ ሳቅ። የቴሌው ሰውዬም ይሳቅ።

— ቆይ፣ የእርዳታ ሰዎቹ መቼ ነው የሚሄዱት? ... ነገ? ... ሕዝቡ ካልቀዳ ፓምፑን ነቅለው ገበያው ጋ ሊተክሉት? ገበያውማ የግማሽ ቀን መንገድ አይደል? እህቷ ውሃ ላይ ከዋለች አበቡን ማን ይመራታል? ... እቤት ልትቀር ነዋ። ... አንተስ የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር አይደለህ? አይሰሙህም? ... ቆይ፣ አትዝጋው። — ምን አልሽ፣ እማዬ?

ወርቅአገኘሁ ተነስታ የልጇ ጆሮ ሥር አንሾካሾከች። ይታይሽ አፏን በእጇ ያዘች።

— ካሣ፣ አለህ? እማዬ አንድ የምትለው ነገር አላት፤ ግን ላንተ አይነገርም፣ ለእናትህ ነው። ... አጠገብህ? እዚያው ቴሌ? ስጣቸው እንጂ፣ ምን ትጠብቃለህ።

— ጤና ይስጥልኝ፣ እትዬ አስናቁ። ይታይሽ ነኝ። ... ደህና ናት፣ እዚህ አጠገቤ ቆማለች። «ያን የድርቅ ዓመት ጀምበር ስትጠልቅ እየመጣሽ እንስራሽን የሞላሁልሽ ከየትኛው ምንጭ ነበር?» ብላ ትጠይቅዎታለች። ... «ካሣሁንን አዝለሽ» ትላለች። ... እትዬ? ... አያልቅሱ እንጂ። ... ለማንም አልተነፈሰችም፤ እኔም ገና አሁን መስማቴ ነው። «ቃል ገብቼላታለሁ፣ ካልፈቀደች ዛሬም አይወጣኝም» ነው የምትለው። ...

— ምን አሉኝ? ... ነገ? ከቅዳሴ መልስ፣ ሰው ሁሉ ሲወጣ? ... እርስዎ ራስዎ? ... እንስራው ይኼን ያህል ዓመት አልተሰበረም? ... በዚያው? ... ሄሎ? ... እትዬ አስናቁ፣ ይሰሙኛል? ... ሄሎ?

ስልኩ ጢጥ ጢጥ ይል ጀመር። ይታይሽ እጀታውን ይዛው ቀረች።

— ተቋረጠ። ... ነገ በጠራራ ፀሐይ እቀዳለሁ ብላለች፣ እማዬ። ሰው እያየ። «ካሣሁንን ያሳደግሁት በዚህ ውሃ ነው» እላቸዋለሁ ብላለች። ... እንስራማ አላት። አንቺ የሠራሽላት ነው።