የማውሷ ባትሪና የጠጋኙ ስም

ለተከራዮች ኮሚቴ ስብሰባ ወደ ሁለተኛው ፎቅ ስወጣ ደረጃው ላይ የዳይሬክተሩን የእህት ልጅ አገኘኋት። ሌላ ከተማ የኮምፒዩተር ትምህርት ስትከታተል ቆይታ ለእረፍት መምጣቷ ነው። ስለ ጤናና ስለ ቤተሰብ እንደ ወጉ ከተጠያየቅን በኋላ ከደረጃው ሥር ያለችውን ጠባብ ሱቅ በአገጯ እያመለከተች፣ ጠጋኙ ታሞ እንደሆነ ጠየቀችኝ። ሰላም ስትለው ቀና ብሎ እንኳ አላያትም።

"አልታመመም" አልኳት። "ዛሬ ከዚያች ሱቅ ልናስወጣው ነው የምንሰበሰበው። እሱም ስብሰባ እንዳለብን ሳይሰማ አልቀረም።"

"ምን አድርጎ?"

"የአጎትሽን ባትሪ ሰርቆ።"

ልጅቱ ሻንጣዋን ደረጃው ላይ አስቀመጠች። እኔም ነገሩን ከመጀመሪያው አጫወትኳት፤ አንባቢም እንዲያውቀው እዚህ ላይ ባጭሩ ልጻፈው።

ሕንፃችን ያረጀ ነው። ታች መድኃኒት ቤትና ፎቶ ኮፒ ቤት አለ፤ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ደግሞ እኔ የሰው ጽሑፍ የማርምበት ክፍልና ዳይሬክተሩ ሰነድ የሚተረጉሙበት ክፍል ጎን ለጎን ናቸው። ዳይሬክተሩ የምንላቸው ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ትምህርት ቤት ሲመሩ ስለኖሩ ነው። ዛሬም የኮሚቴያችን ሰብሳቢ እሳቸው ናቸው። ከደረጃው ሥር ያለችውን ቦታ ለማን እንደምንሰጥ የምንወስነው እኛ ስንሆን፣ ከብዙ ዘመን ጀምሮ ስልክና ራዲዮ፣ ኋላም ላፕቶፕ የሚጠግን አንድ ዝምተኛ ሰው ተቀምጦባት ኖሯል። ስሙን የሚጠራው የለም፤ ጠጋኙ እንለዋለን።

የዳይሬክተሩ ላፕቶፕ ማራገቢያ መጮህ ሲጀምር ለጠጋኙ ሰጡት። ከፍቶ አጽድቶ በማግስቱ መለሰላቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን በስክሪኑ ጥግ ያለችው የባትሪ ምልክት ሰባት ከመቶ አለች። ሌሊቱን ሙሉ ቻርጅ ላይ አደረ፤ ጠዋትም ሰባት ከመቶ። ቆይታ ወደ ስድስት ወረደች። ድሮ ሙሉ ነበር፤ ሆዱን የከፈተው ጠጋኙ ነው፤ ስለዚህ ደህናውን ባትሪ አውጥቶ የሞተ ከቶበታል። ዳይሬክተሩ ነገሩን በዚህ ደመደሙ።

ለጠጋኙ ግን አንዲት ቃል አልተነፈሱም። ሰውን ፊት ለፊት ሌባ ማለት ነውር ነው፤ ይሉኝታ ያዛቸው። ለመድኃኒት ቤቱ ሰውዬ ነገሩት፣ ለፎቶ ኮፒዋ ሴትዮ ነገሯት፣ ለእኔም ነገሩኝ፤ ለያንዳንዳችንም "በመካከላችን ይቅር" እያሉ። ካፍ ከወጣ አፋፍ ነውና ሳምንቱ ሳያልቅ በሕንፃው ያልሰማ አልነበረም፣ ከባለ ስሙ በቀር። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። ሰዉ ስልኩን ሌላ መንደር ይዞ እየሄደ ማሠራት ጀመረ፤ ጠጋኙም ባዶ ጠረጴዛ ታቅፎ ቀረ።

ልጅቱ ይህን ሁሉ ሰምታ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች።

"አጎቴ ማውስ ገዝተዋል?"

ጥያቄው ግራ ቢያጋባኝም መግዛታቸውን ነገርኳት። ሻንጣዋን አንስታ ቀድማኝ ወጣች።

ዳይሬክተሩ ብድግ ብለው አቅፈው ሳሟት፤ ስለ እናቷም ስለ ፈተናዋም ጠየቋት። ክፍላቸው መልኳን ለውጣለች። ጠረጴዛው ከመስኮቱ ሥር ተነስቶ ከግድግዳው ሶኬት ጋር ተጣብቋል፤ የቻርጀሩ ገመድ እንዳይወልቅ ከላፕቶፑ ጋር በፕላስተር ታስሯል። አጠገቡ የታጠፈ ጋዜጣ ላይ ትንሽ ጥቁር ገመድ አልባ ማውስ ተቀምጣለች። እጃቸው መንቀጥቀጥ ስለ ጀመረ፣ ላፕቶፑን ከጠጋኙ የተቀበሉ ዕለት የገዟት ናት። ከሱቅ ስትወጣ ያለቀ ባትሪ ይዛ መምጣቷን ማን ልብ ይላል?

ልጅቱ ቁጭ ብላ የጀመሩትን ትርጉም እንዳይጠፋ ማሽኑ ላይ አስቀመጠችላቸው። ከዚያ ፕላስተሩን በጥፍሯ ላጥ አድርጋ ገመዱን ነቀለችው።

"ይጠፋል ልጄ" አሉ ዳይሬክተሩ፣ ወንበራቸውን ጨብጠው።

"እስኪጠፋ ድረስ እንጨዋወት፣ ጋሼ። ጠጋኙን ስለ ባትሪው ጠየቁት?"

"ምን ብዬ? አንተ ሌባ ብዬ? እኔ ሰው አዋርጄ አላውቅም። ያሳደጉን ሰዎች የሰው ፊት አክብሩ ብለው ነው ያሳደጉን። ዛሬ እናንተ ግልጽነት የምትሉት ነገር በኛ ጊዜ ስድነት ይባል ነበር።"

"ፊቱንስ አክብረውለታል። ስሙን ግን ለጎረቤት ሁሉ አደሉት። ፊት ለፊት ቢጠይቁት ኖሮ አንድ ሰዓት ያፍር ነበር፤ አሁን ግን ለዕድሜ ልኩ ሊሆን ነው።"

ዳይሬክተሩ ወደ ስክሪኑ ዞሩ። ላፕቶፑም አልጠፋም። እኔ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ፤ እንዲህ ያለውን ክርክር ቆሞ የሚሰማ ሰው ቶሎ ለመሄድ ሰበብ ያገኛል።

"እኔ በግምት አልተናገርኩም" አሉ ዳይሬክተሩ። "ቁጥሩን በዓይኔ እያየሁት ነው። ይኸው፣ አሁንም ስድስት ነው የሚለው። ዓይኔን ልካድ?"

"ዓይንዎን አይካዱ። ቁጥሩም አልዋሸም፣ እውነት ስድስት ነው። ግን የማን ስድስት ነው?"

ምልክቷን ስትነካት ከሥሯ ትንሽ ዝርዝር ወረደ። ዳይሬክተሩ መነጽራቸውን አደረጉ። ሁለት መስመር አለ። በአንደኛው ላፕቶፕ ተብሎ ዘጠና አራት ከመቶ፣ በሁለተኛው ማውስ ተብሎ ስድስት ከመቶ ተጽፏል። ከነዚያ ሁሉ ቀናት በአንዱ እንኳ ምልክቷን ነክተው አያውቁም ነበር፤ ያዩት ላይዋን ብቻ ነው። ልጅቱ ማውሷን ገልብጣ ማጥፊያዋን ስትገፋ ስድስቱ ከጥጉ ተነሣና ዘጠና አራቱ ቦታውን ያዘ።

"ገመድ ስለሌላት የራሷ ባትሪ አላት" አለች ቀስ ብላ። "ላፕቶፑ እሷንም እንደ ቤተሰብ ይቆጥራታል። የራሱ ሲሞላ ዝም ይልና ያነሰውን ያሳያል። እርስዎ ሌሊቱን ሙሉ ቻርጅ ያደረጉት የጠገበውን ነው፤ የተራበችው ጋዜጣ ላይ ተኝታ ነበር።"

ዳይሬክተሩ መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ። ፊታቸው ሲለወጥ አየሁ፤ ግን ሰው ከስህተቱ ወዲያው አይላቀቅም፤ በመጀመሪያ ጥፋቱን የሚሸከምለት ሌላ ይፈልጋል።

"እንግዲያው ያሳሳተኝ ማሽኑ ነው" አሉ። "ይሄን ሊኑክስ የምትይውን የኮምፒዩተር ሥርዓት የጫንሽልኝም አንቺ ነሽ። የለመድኩትን ብትተዪልኝ ኖሮ ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር።"

ብትቆጣ አይፈረድባትም ነበር፤ እሷ ግን አልተቆጣችም።

"እውነትዎን ነው፣ ጉድለት አለበት" አለች። "ለሁለት ባትሪ አንድ ሥዕል ማሳየት ሰው ያሳስታል። እኔም ጭኜልዎት ስሄድ ማሳየት ነበረብኝ። የሠሩት ሰዎች ያለ ክፍያ በፈቃዳቸው የሚሠሩ ናቸው፤ እንዲህ ያለ ነገር ሲነገራቸው ተቀብለው ያርማሉ፣ ዛሬውኑ እጽፍላቸዋለሁ። ግን ይሄን ያስቡልኝ ጋሼ። ማሽኑ እንኳ ጥፋቱ ይነገረዋል፣ የመታረም ዕድል ያገኛል። ጠጋኙ ምን ተነገረው? ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ እያሉ ያስተማሩኝ እኮ እርስዎ ነዎት።"

ዳይሬክተሩም አንገታቸውን ደፉ።

ከታች የፎቶ ኮፒው ማሽን ድምፅ ይሰማል። በመጨረሻ ለእሷ መመለሱን ትተው ወደ እኔ ዞሩና፣ ኮሚቴው በእሳቸው ቃል ተማምኖ ሊወስን እየመጣ፣ በዚህ ዕድሜያቸው ቃላቸውን ቢያጥፉ ማን ሰብሳቢ ብሎ እንደሚያምናቸው ጠየቁኝ። ሰውየውን ዝም ብለን ብንተወው፣ ነገሩም በዚያው ተረስቶ ቢቀር አይሻልም ወይ አሉኝ።

"ጋሼ" አልኳቸው፣ "የኔ ሙያ እርማት ነው። ስህተት የሚታረመው በተጻፈበት ገጽ ላይ ነው። ገጹን ገልብጦ ማለፍ እርማት አይባልም።"

ወዲያው የኮሚቴው ሰዎች ገቡ። የመድኃኒት ቤቱ ሰውዬ በሩ አጠገብ ተቀመጠ። የፎቶ ኮፒዋ ሴትዮ ሁለተኛ ማሽን የምታቆምበት ቦታ ትፈልግ ስለነበር ከሁሉም ቀድማ ወሬውን አነሣችው፤ ከደረጃው ሥር ያለችው ቦታ መቼ እንደምትለቀቅ ጠየቀች።

ዳይሬክተሩ ተነሡ። በኮሚቴያችን ልማድ ክስ የሚሰማው ተከሳሹ በሌለበት ነው፤ እንዳያፍር ታስቦለት። እሳቸው ግን ይህን ልማድ አልፈው፣ ሰው ላኩ ስንላቸውም እምቢ ብለው፣ የደረጃውን መደገፊያ ይዘው በዝግታ ወረዱ። ሲመለሱ ጠጋኙ ከኋላቸው ነበር። የተፈረደበት ሰው አካሄድ ነበረው፤ ወንበር ብንሰጠውም አልተቀመጠም።

ዳይሬክተሩም አልተቀመጡም። ያሉትን ሁሉ፣ ለማን እንዳሉት፣ ስድስቱ ከመቶም የማውስ ሆኖ መገኘቱን በሰው ፊት ዘረዘሩ። አንዲት ነገር አላስቀሩም፣ ራሳቸውንም አላዳኑም። ሲጨርሱ፣ "ሌባ ያልኩህ እኔ ነኝ፤ የሰረቅሁህም እኔ ነኝ፤ ስምህን ነው የሰረቅሁት" አሉት።

ጠጋኙ ቀና ብሎ አያቸው።

"ጠዋት ጠዋት ላፕቶፑ እንዴት ሆነ ስልዎ ደህና ነው ይሉኝ ነበር፣ ጋሼ።"

"ብዬሃለሁ።"

"እኔ ደህና ነው ብዬ አምኜዎት ነበር። ሰው ሲርቀኝ ሥራዬ ተበላሽቶ ነው እያልኩ የሠራሁትን ሁሉ ሳስብ ነበር የማድረው።"

የመድኃኒት ቤቱ ሰውዬ አቀረቀረ። ሁላችንም የሰማነውን ነገር ይዘን፣ በየቀኑ ሰላም እያልነው አልፈናል። የፎቶ ኮፒዋ ሴትዮ ስለ ቦታው የጀመረችውን ወሬ አልጨረሰችም። ያን ዕለት ቦታው ለጠጋኙ ጸና፤ ክስ ያለበት ሰው ባለበት እንጂ በሌለበት ስሙ በኮሚቴያችን እንዳይነሣም ወሰንን። ከዚያ ወዲህ ወደ ኮሚቴው የሚመጣው ስሞታ በጣም ቀንሷል። ከስሞታው አብዛኛው ባለቤቱ ፊት ሲነገር የማይቆም ኖሯል። ሰው ሲጠየቅ ይመልሳል፣ መልሱም ብዙ ጊዜ ነገሩን ያቀለዋል፤ ጠብ ቀርቶ ጉርብትና ይተርፋል፣ የሠራም በሥራው ይኖራል። ይሉኝታ ክፉ ነገር አይደለም፤ አንደበትን ይገራል። ጆሮን ሲደፍን ግን ሰው ያጠፋል፤ ይህን በገዛ ዓይኔ አይቻለሁና አንባቢዬ ልብ ይበለው።

ስብሰባው ሲበተን ጠጋኙ በሩ ላይ ቆሞ ዳይሬክተሩን አንድ ነገር ለመናቸው።

"አሁን ነው የገባኝ፣ እናቴ ሰምታ ኖሯል" አለ። "ሰሞኑን ስለ ሥራ አንሥታብኝ አታውቅም። የአሁኑን ለእሷም ይንገሩልኝ፤ እኔ ብነግራት ራሱን ሊያጸዳ ነው ትላለች።"

ዳይሬክተሩ ኮታቸውን ደርበው ያኔውኑ ተነሡ፤ እኔና ልጅቱም ከጠጋኙ ጋር ተከተልን። የጠጋኙ ቤት ከሕንፃው ጀርባ ባለው ጠባብ መንገድ ላይ ነው። አሮጊቷ እናቱ በር ላይ ተቀምጠው የታጠበ ልብስ ያጣጥፉ ነበር። ዳይሬክተሩ ቁጭ በሉ ቢባሉም ቆመው፣ ልጅዎ ንጹሕ ነው፣ ጥፋቱ የኔ ነው፣ ብለው ነገሯቸው።

አሮጊቷ የሚያጣጥፉትን ሸሚዝ እጃቸው ላይ እንደያዙ ቀሩ።

"እኔ ብጠይቀው እናቴም ጠረጠረችኝ ይላል ብዬ ፈራሁ" አሉ። "እሱም እንደማምነው አያውቅም። በአንድ ቤት ሁለታችንም ዝም ብለን እየበላን፣ ዝም ብለን እየተኛን ከረምን።"

ከዚያ ዳይሬክተሩን ትተው ወደ ልጃቸው ዞሩ።

"የሰውየውን ባትሪ ወስደህ ነበር ልጄ?"

ዳይሬክተሩ መልሱን ሊቀድሙት ነበር፤ የእህታቸው ልጅ ክንዳቸውን ያዘቻቸው።

"አልወሰድኩም፣ እማዬ" አለ ጠጋኙ።

አሮጊቷ ራሳቸውን በእሺታ ነቀነቁ። ሸሚዙን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው፣ "ይህን መጠየቅ ነበረብኝ" አሉና አለቀሱ።