የሃርጆ ስም በሲቀላ

ቃል ብጨምር ዕድሜዬን ያሳጥረው! ሃርጆ የሚባል፣ ከአሜሪካ ነባር ሕዝቦች ከመስኮጊዎች ወገን የሆነ እንግዳ ይዤ ሲቀላ ገበያ ስንዞር፣ “ስሜ ከድፍረቱ ብዛት እብድ የሚመስል ማለት ነው። የጥንት ጦረኞቻችን ማዕረግ ነበር። እኔ ግን በውርስ ስለያዝሁት አፍርበታለሁ” አለኝ። ሳይጨርስ ጎረምሶች ለሁለት ተከፍለው ድንጋይ ተወራወሩ፤ ድንጋዩ ፀሐይዋን ጋረዳት! አንድ የጨንቻ ሽማግሌ እርጥብ ሳር ይዘው መሃላቸው ተንበረከኩ። እኔም ከጎናቸው። እንግዳዬም ሮጦ አጠገባችን ዱብ! በጋሞ ሳር የያዘ ሽማግሌ ላይ የሚወረውር የለምና፣ ድንጋዩ ሁሉ ከየእጁ ወደቀ።

“ማነው ይኼ እብድ?” አሉ ሽማግሌው። ስሙን ከነትርጉሙ ነገርኋቸው። የሳሩን ግማሽ ሰጡትና “ንገረው፤ ስሙ ከዛሬ ጀምሮ የራሱ ነው” አሉኝ። እንግዳዬ አለቀሰ።

የጨመርኋት አንዲት ነገር ብቻ ናት፤ “ከጎናቸው” ያልኋት፤ በእውነቱ እኔ የተንበረከክሁት ባጃጅ ጀርባ ነበር።