ልጅ የተረጎመችው ሕመም

ሆስፒታሉ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ተራ ከሚጠራበት መስኮት ፊት ለፊት፣ አንዲት እናትና ልጇ አግዳሚ ወንበር ላይ ተጠጋግተው ተቀምጠዋል። እናትየዋ በአንድ ትልቅ ላውንደሪ ውስጥ የሆቴል አንሶላ ትተኩሳለች። ቀኝ እጇ ከብብቷ ጀምሮ አብጦ ካውያ ማንሳት ቢያቅታት ነው አለቃዋ ዳግመኛ ወደ ሐኪም የሰደዳት። ልጅቷ የስድስተኛ ክፍል ተማሪ ናት። አገር ከለወጡ ወዲህ እናቷ በስሟ ጠርታት አታውቅም፤ «አፌ» ነው የምትላት። ባንክ ቤት አፌ፣ ቤት አከራዩ ዘንድ አፌ፣ ገበያም አፌ። ልጅ ቋንቋውን እንደ ውሃ ጠጣችው፤ እናት ከሰላምታ አላለፈችም። ቀኑን ሙሉ ከእንፋሎትና ከአንሶላ ጋር የሚውል ሰው ከማን ጋር አውርቶ ይልመድ?

«ስንገባ እጇን አሟታል በይልኝ» አለች እናት በሹክሹክታ። «ስለ ጡቴ የባለፈው ይበቃል፤ ካልጠየቁሽ አታንሺ። ነውር ነው።»

አጠገባቸው የተቀመጠች፣ ከአንገቷ መታወቂያ ያንጠለጠለች ወጣት ዘወር አለች።

«እግዜር ይማርዎት፣ እናቴ። ሳላስበው ሰማሁ። የዚህ ሆስፒታል አስተርጓሚ ነኝ። ከፈቀዱልኝ አብሬዎት ልግባ፤ ክፍያ የለውም።»

እናት የገዛ ቋንቋዋን ከማታውቀው ሰው አፍ ስትሰማ መጀመሪያ ደስ አላት፤ ወዲያው ደግሞ ተሸማቀቀች። በሰው አገር የኖረ ይህን ያውቀዋል። የአገራችን ሰው ሲርቅ ይናፍቀናል፤ ሲቀርብ ጆሮውን እንፈራለን።

«ተባረኪ ልጄ። እኔ ግን ልጅ አለችኝ።»

«ጎበዝ መሆኗ ያስታውቃል። ግን ልጅ ናት።»

«ልጅ ብትሆንስ? ከሆዴ የወጣች ናት። ገመናዬን ከእሷ የተሻለ ማን ይሸፍንልኛል? እዚሁ ሰፈር አንዷ በአስተርጓሚ ታከመች፤ ሳምንት ሳይሞላ የማህፀኗ ነገር የየቤቱ መጫወቻ ሆነ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። አትቀየሚኝ።»

«ምን ያስቀይመኛል? ያቺ ሴት በእርግጥ ተበድላለች። እኛ ግን ምስጢር ልንጠብቅ ቃል ገብተን ነው የምንሠራው፤ ያወራ ከሥራው ይባረራል። እስቲ ልጠይቅዎ፤ ስለ ጡትዎ አታንሺ ካሏት ሐኪሙ በምን ያውቃል?»

«ሐኪም አይደል? ይወቃ!»

ሐኪምን ጠንቋይ ማድረግ የብዙዎቻችን አመል ነው። ዝም ብለን ፊቱ እንቀመጥና ካላወቀልን እንቀየመዋለን።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ሲባል አልሰሙም?» አለች አስተርጓሚዋ።

«ለልጄ መቼ ደበቅሁ!»

«እሱ ነው የሚያሳስበኝ። ሐኪሙ ከባድ ነገር ቢናገር መጀመሪያ የምትሰማው እሷ ናት፤ ለዚያውም ብቻዋን። ከዚያ ዞር ብላ ለእናቷ መንገር አለባት። እርስዎ በእሷ ዕድሜ ይህን ለእናትዎ መናገር ይችሉ ነበር?»



«እስካሁን ክፉ አልተናገሩም» አለች እናት። «ከጥቂት ወራት በፊት ከጡቴ በመርፌ ቀድተው መረመሩ። ውጤቱን ለእሷ ነገሯት፤ ካረፍሽ ይሟሟል ነው ያሉት። አይደለም እንዴ አፌ?»

ልጅቷ አቀርቅራ የቦርሳዋን ማንገቻ ትጎነጉናለች። «አዎ» አለች።

ተራቸው ተጠራ። እናት መልካም የተናገረቻትን ወጣት ደጅ ትታ መግባት ከበዳት። «እንግዲያው ግቢ፤ ግን ዝም ብለሽ ተቀመጪ» አለቻት። ይሉኝታ ስንቱን ቤት አፍርሷል፤ ያን ዕለት ግን አንድ ደግ ሥራ ሠራ።

ሐኪሙ ኮምፒዩተሩን ተመለከተ፣ ግንባሩን ቋጠረ፣ ብዙ ተናገረ። ሲጨርስ ልጅቷ ወደ እናቷ ዞራ፣ «እንዴት ሰነበትሽ ነው የሚልሽ» አለች።

አስተርጓሚዋ ከተቀመጠችበት ተነሳች። ልጅቷን በሐዘን አየቻትና እናትየዋ አጠገብ ቁጢጥ አለች።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እናቴ። ሐኪሙ ያለው ሌላ ነው። ጡትዎ ውስጥ የተገኘው ዕጢ ካንሰር ነው። ባለፈው ነግረንዎት ነበር፤ ቶሎ ካልወጣ ይዛመታል ብለን ነበር ነው የሚለው። ለኦፕራሲዮን ደጋግመው ሲደውሉ አንዲት ልጅ እያነሳች እናቴ የለችም ትላቸው ነበር። አሁን ወደ ብብትዎ አልፏል፤ እጅዎ ያበጠው በዚያ ነው።»

እናት ወደ ልጇ ዞረች።

«የጓደኛዬ እናት ኦፕራሲዮን ገብታ አልተመለሰችም» አለች ልጅቷ፣ ለቅሶ እያቋረጣት። «ብነግርሽ ትሞቻለሽ ብዬ ነው እማዬ። በየቀኑ እየጸለይኩልሽ ነበር። ይጠፋል ብዬ ነው።»

ያኔ ሁሉም ነገር ለእናት ተገለጠላት። ልጅቷ ከጥቂት ወራት ወዲህ ጨምታ ነበር። ከጓደኞቿ ጋር መውጣት ትታ፣ ምግብ ማብሰል ለምዳ፣ እናቷ ጎን ካልሆነ አልተኛም ብላ ነበር። እናትም «ልጄ አደገችልኝ፣ ጨዋ ሆነችልኝ» እያለች ላውንደሪ ውስጥ ስትኮራባት ከርማለች። ጨዋነት አልነበረም፤ ጭንቅ ነበር። የሕመሟ ስም ካስደነገጣት ይልቅ ይህ አንጀቷን በላት።

«ገመናዬን ልሸፍን ብዬ ሞቴን በዚህች ጫንቃ ላይ ጫንኩት» አለች። ልጇን ወደ ደረቷ፣ ወዳልታመመው በኩል፣ ሳበቻት። «ጥፋቱ የኔ ነው። ያንቺ አይደለም፤ ሰማሽ? ያንቺ አይደለም።» ከዚያ ለአስተርጓሚዋ፣ «ልክ ነበርሽ ልጄ» አለቻት።

«ልክ ባልሆን በወደድኩ፣ እናቴ።»

ሐኪሙ የጠራት ነርስ ልጅቷን አቅፋ ወደ ውጭ ወሰደቻት። እናት ለመጀመሪያ ጊዜ ሕመሟን ራሷ ተናገረች። እብጠቱ መቼ እንደጀመራት፣ ከጡቷ ጫፍ ምን እንደሚወጣ፣ የት የት እንደሚወጋት፣ አንዱንም ሳታስቀር ዘረዘረች። ለልጇ ልትናገረው የምታፍረው ሁሉ ለባዕዷ ወጣት ሳይከብዳት ወጣ። በመጨረሻም «እድናለሁ?» ብላ ጠየቀች።

አስተርጓሚዋ የሐኪሙን መልስ ስኳርም ሬትም ሳትጨምር አቀበለቻት። «ያኔ ቢሆን ይቀል ነበር። አሁን አስቸጋሪ ነው፤ ግን እንሞክራለን።»

ኦፕራሲዮኑ ተደረገ። እናት የምትፈርመውን አውቃ ፈረመች፤ የትኛው ኪኒን ከምግብ በፊት፣ የትኛው በኋላ እንደሚዋጥ ጠይቃ ተረዳች። ለልጇ እንዴት እንደምትነግራት እንኳ ከሐኪሙ ጋር መከረች። የፈራችው ወሬም በሰፈሩ አንድም ሰው ጆሮ አልገባም። ካውያ መያዝ ባትችልም አንድ ቀን ላውንደሪው ድረስ ሄዳ ከአገሯ ለመጡ የሥራ ባልደረቦቿ እንዲህ አለቻቸው፦ «ልጆቻችሁን ገበያ ውሰዱ፣ ባንክ ውሰዱ። ሐኪም ቤት ግን አስተርጓሚ ጠይቁ፤ መብታችሁ ነው። ሐኪሙ እውነቱን ያገኛል፣ እናንተም እውነቱን ታገኛላችሁ፣ ልጁም ልጅነቱ ይተርፈዋል። እኔ ይህን የገዛሁት በጤናዬ ነው፤ እናንተ በነጻ ውሰዱት።» አንዷ «እኔማ ወንድ ልጅ ነው ያለኝ፣ እሱ አይደነግጥም» ብላ ልትከራከር ከጀለች፤ የእናትን ፊት ስታይ ግን ሐሳቧን ዋጠችው።

ከኦፕራሲዮኑ በኋላ የመጀመሪያው ውጤት የተነገረ ዕለት እናት ከአስተርጓሚዋ ጋር ገብታ ወጣች። ቤት ስትደርስ ልጅቷ በሩን ከፍታ ቆማለች።

«ምን አሉሽ?»

ጣፋጭ ውሸት ምላሷ ጫፍ ላይ መጣ። ልጇ ያን ጊዜ ምን እንደተሰማት በዚያች ቅጽበት ገባት። ውሸቱን ዋጠችና አልጋው ላይ ቁጭ አለች፤ ልጅቷንም አጠገቧ አስቀመጠቻት።

«ሁሉም አልወጣም፤ የቀረ አለ። ገና ብዙ ሕክምና ይቀረኛል። ትድኛለሽ ብለው ሊምሉልኝ አልቻሉም።»

ልጅቷ ጮኻ አለቀሰች። ያን ሁሉ ወር ድምጿን አፍና ስታለቅስ የከረመች ልጅ አሁን እንደ ልጅ ነበር ያለቀሰችው። እናትም አብራት አለቀሰች።

«እኔ ምን ላድርግ?» አለች ልጅቷ በመጨረሻ።

«አንቺማ ምን ታደርጊያለሽ» አለች እናት፣ እንባዋን በመዳፏ እየጠረገችላት፤ «የቤት ሥራሽን ሥሪ።»