ግድግዳው ቀደመ

እትዬ፣ ፀሐይዋ ደስ አትልም? ዕቃ ለማውጣት የተመረጠች ቀን ናት እኮ። እስቲ ፍራሹን በዚያ በኩል ያዝ ያድርጉልኝ... ጎረቤት ለዚህ አይደል? እማዬን ጥላው ሥር ወንበር ላይ አስቀምጫታለሁ፤ አቧራዋን አራግፋ ትስቃለች። እኔም ከጠዋቱ ድንጋጤ ወዲህ ሳቅ አልለቅ ብሎኛል፤ አይታዘቡኝ።

ማንንም ለመንካት አይደለም... ግን የሚያስብ ልጅ መውለድ እንዴት ያለ ጸጋ ነው? እኛ ቤት ማሰብ ለበኩሩ ለወንድሜ ነው የተሰጠው፤ ለእኔ ለመጨረሻዋ መሸከም ደረሰኝ። እንደኔ ያለው ችኩል ጣራ ሲያፈስ ሮጦ ቆርቆሮ ይገዛል። የሚያስብ ሰው ግን አስቀድሞ ይጠይቃል፤ ማደስ ይሻላል ወይስ አፍርሶ መሥራት? እዚች ጥያቄ ላይ አሥራ አንድ ዓመት መቆም ቀላል ጉልበት ይመስልዎታል?

ሥርዓቱስ ቢሆን። በየዓመቱ ሜትርና ጠመኔ ይዞ ብቅ ነው። የሚታደሰው ላይ ክብ፣ የሚፈርሰው ላይ ኤክስ። በዓመቱ ሐሳብ ይለወጥና ክቡ ላይ ኤክስ፣ ኤክሱ ላይ ክብ... ምልክቱ እንዳይጠፋ ግድግዳ መወልወል ክልክል ነው። ቆርቆሮ ልቀይር ስል፣ "ለሚፈርስ ቤት?" እሺ ይፍረስ ስል ደግሞ፣ "ይሄን የመሰለ ግድግዳ?" እማዬ ሦስት ባልዲ ደርድራ አሥራ አንድ ክረምት ጠብታ አዳምጣለች። አንድ ቀን ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? "እኔንስ ምን ያደርግብኝ ይሆን፣ ክብ ወይስ ኤክስ?"

ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይሉ የለ? ለካ ግድግዳም ይሄዳል። ይኸው ዛሬ ጠዋት የማድ ቤቱ ግድግዳ ከነክቡ ከነኤክሱ ተነሥቶ እርስዎ ጓሮ ገባ። እማዬ ውኃ ልትቀዳ ወጣ ብላ ነበር እንጂማ... ይተዉት። የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል። ያልቸኮለው ደግሞ ጡብ ይለቅማል።

ቀስ ይበሉ፣ በዚያ በኩል ሰው አለ። አዎ፣ ሜትር የዘረጋው። አይረብሹት፤ ግድግዳው የነበረበትን ባዶ ቦታ እየለካ ነው። ጠመኔውንም አውጥቷል፣ አዩት? አሁን ምን ላይ ሊጽፍ ነው... አየሩ ላይ? አልስቅም ብዬ ነበር እኮ። እትዬ፣ እርስዎም አይሳቁ፣ ፍራሹ ይወድቅብናል።

እኔማ አላዋቂ ነኝ፤ ሻይ እስኪፈላ ወሰንኩ። እማዬ ከእኔ ጋር ትኖራለች። ቤቴ ሁለት ክፍል ናት፣ ትጠብ ትስፋ ለክቼያት አላውቅም፤ ጣራዋ ግን አያፈስም። ይሄኛው ቤት እንግዲህ እንደ ልብ ይታሰብበት። የሚያጣድፍ ሰው የለበትም፣ የሚያረጅበትም የለም።

ይበሉ ትራሱን ለእኔ ይስጡኝ፤ ውለታዎን አልረሳም። ብቻ ሳልመርቅ አልሄድም። ድምፄ ከፍ ካለ ይቅርታ፣ ምርቃት የሚይዘው ሲሰማ ነው። ያን የሚያስብ ሰው ዕድሜና ጤና ይስጠው። ልጆቹ ይደጉለት፣ ይማሩለት፣ ዓይናቸው ሜትር፣ እጃቸው ጠመኔ አይጣ። እርጅናውንም ያሳምርለት... እሱ ለእናቱ እንዳሰበላት፣ ልጆቹም ልክ እንደዚያው ያስቡለት።