በብረት ቁም ሳጥን የተቆለፈው ዋይፋይ

ጡረታ የወጡት የዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ ኮፍያቸውን ደፍተው፣ ዣንጥላቸውን እንደ ጦር ጨብጠው፣ ከኢንተርኔት ድርጅቱ ጋር ሊጣሉ ደረጃውን ሲወርዱ፣ ፎቅ ላይ ከምትኖረው የኮምፒውተር አስተማሪ ጋር ፊት ለፊት ተገጣጠሙ። ወጣቷ ጎንበስ ብላ ሰላምታ ሰጠችና ወዴት እየሄዱ እንደሆነ ጠየቀቻቸው። የተናደደ ሰው ከመንገድ ይልቅ ጆሮ ይፈልጋልና ሽማግሌው እዚያው ደረጃው ላይ ቆመው ሆዳቸው ውስጥ ያለውን ዘረገፉት።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንዲት ሴት ልጅ አለቻቸው፤ ሥራዋ ቤቷ ቁጭ ብላ፣ በኮምፒውተር ፊት ለፊት እየተያዩ ለሚነጋገሩ የሩቅ ሰዎች ማስተርጎም ነው። ዋይፋዩ ግን ንግግሩ መሐል ላይ ሲደርስ ድርግም ይላል። አሠሪዎቿ አስጠንቅቀዋታል። እሷም ትናንት ከከተማው ማዶ የሚከራይ ክፍል አይታ መጥታለች። እናቷ ከሞተች ወዲህ ደግሞ በዚያ ቤት ውስጥ ከግድግዳው ሰዓት ሌላ የሚሰማው ድምፅ የሷ ብቻ ነው።

«ልጄን ከቤቴ የሚያስወጡብኝ እነዚያ ሰዎች ናቸው» አሉ ሽማግሌው። «መስመሩን ለእኔ ይሸጡልኛል፣ ኋላ ለሰፈሩ ያከፋፍሉታል።»

«መጣላቱ አያመልጥዎትም አባባ። ግን በሽታው ሳይታወቅ ሐኪም አይሰደብም፤ መጀመሪያ ቤቱን እንየው።»

ግማሹን በምክሯ፣ ግማሹን ደረጃው በማይስማማው ጉልበታቸው ምክንያት ተመለሱ።

የሽማግሌው ቤት የተጠረገ፣ የተወለወለና የተቆለፈ ነበር። መሳቢያው ይቆለፋል፣ የመጻሕፍቱ መደርደሪያ ይቆለፋል፣ የስኳሩ ጣሳ እንኳ ጓጉንቸር አለው። ጎረቤት በሌሉበት «ባለ ቁልፉ» ይላቸዋል፤ እሳቸውም ያውቃሉ፣ እንደ ሹመት ቆጥረውታል እንጂ አልከፋቸውም። ጥንቃቄ መልካም ነገር ነው። ብቻ ጥንቃቄም እንደ ጨው መጠን አለው።

ልጃቸው ማዳመጫውን አንገቷ ላይ ጥላ፣ ጉንጯን በእጇ ደግፋ ተቀምጣለች። አስተማሪዋ መቼ መቼ እንደሚቋረጥ ስትጠይቅ አባት ቀኑን ሙሉ ነው አሉ። ልጅቱ አይደለም አለች፤ ጠዋት ጠዋት ደህና ነው፣ ከቁርስ በኋላ ነው የሚጠፋው። አስተማሪዋ ዋይፋዩን የሚያሰራጨው ራውተር የት እንዳለ ጠየቀች። ልጅቱ አባቷን አየች፤ አባት ጣሪያውን አዩ።

ከዚያ የቁልፍ ዘለላቸውን ከወገባቸው ፈትተው መኝታ ቤታቸው ወስደው ያሳዩዋት የብረት ቁም ሳጥን ነበር። ገመዱ እንዲገባ ጀርባውን በገዛ እጃቸው በስተውታል። ውስጡ፣ ከታጠፉት ብርድ ልብሶች መሐል፣ ራውተሩ በጥልፍ ጨርቅ ተጠቅልሎ ትንንሽ መብራቶቹን ያርገበግባል።

አስተማሪዋ ሳቋን በሳል ሸፈነችው። «ይህን በር መቼ መቼ ነው የሚከፍቱት አባባ?»

«ጠዋት ብቻ። አቧራውን እጠርግለታለሁ፣ አየር ይቀበላል፣ ቁርሴን በልቼ ስነሳ እቆልፈዋለሁ።»

አፋቸው የተናገረውን ጆሯቸው ዘግየት ብሎ ሰማው። ቢሆንም ሽማግሌ በአንድ ቃል አይረታም። ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል አሉ። እሳቸው ኃላፊ በነበሩበት ዘመን ከግምጃ ቤቱ አንዲት ብሎን እንዳልጠፋች፣ ይህም በቁልፍ እንጂ በጸሎት እንዳልሆነ አስረዱ።

«ብሎን ተቆልፎም ብሎን ነው» አለች አስተማሪዋ በትሕትና። «ይሄ ግን እንደ እኔ አስተማሪ ነው። እኔን ጓዳ ቢቆልፉብኝ ሳሎን የተቀመጠው ተማሪ ምን ይሰማል? ሞገዱ በእንጨትና በግድግዳ እየደከመም ቢሆን ያልፋል፤ ብረት ግን ይመልሰዋል።»

«ሌባውስ?»

እሷም የይለፍ ቃሉን ጠየቀች። ከአንድ እስከ ስምንት ያለው ቁጥር በተራ ነው አሉ፣ እንዳይረሱት ብለው። ለፀጉር አስተካካዩም፣ ለዘበኛውም፣ ለዳቦ ሻጩም ነግረዋል፤ የጠየቀ ሰው ይከለከላል እንዴ?

«እንግዲህ አባባ፣ ሳጥኑን ቆልፈው ዋይፋዩን ደጅ አስጥተውታል። የእርስዎ ሌባ በር አይሰብርም፣ ፀጉሩን ይቆረጣል እንጂ።»

ልጅቱ ሳቀች። ሽማግሌው ኮስተር ብለው ሊቆዩ ሞከሩ፤ ጢማቸው ግን አሳጣቸው።

አስተማሪዋ እኔን አይመኑ፣ ዓይንዎን ይመኑ አለች። ልጅቱ ለአንዲት የሥራ ባልደረባዋ በኮምፒውተሩ ደወለች። አባት በሩን ሲከፍቱት ሴትዮዋ ጥርት ብላ ታወራለች፤ ሲዘጉት አፏን እንደከፈተች ደርቃ ትቀራለች። ይበቃል ቢባሉም ደጋግመው ከፈቱና ዘጉ። በመጨረሻ ጨርቁን ገለጡና፣ ራውተሩን በሁለት እጃቸው ይዘው ሳሎን ወጡ።

አስተማሪዋ የመከረችውም አንድ ነገር ለውጦ መሞከር፣ ከዚያ ሌላውን መለወጥ ነው፤ ሁሉን ባንዴ የለወጠ የትኛው እንደፈወሰው አያውቅም። መጀመሪያ መስኮቱ ጥግ አኖሩት፤ ዋይፋዩ ጥቂት ተሻለ። ቀጥሎ ከቴሌቪዥኑ ራቅ አድርገው፣ በቤቱ መሐል፣ ከፍ ካለው መደርደሪያ ላይ ሰቀሉት፤ ጸና። የይለፍ ቃሉን ግን ሽማግሌው ራሳቸው መረጡት። ረጅም ነው፤ ሲጽፉት አስተማሪዋ እንኳ እንዳታየው በኮፍያቸው ከለሉት።

ከዚያ ወዲህ ለመጣ እንግዳ ሁሉ ትምህርቱን ሳይሰጡ አይለቁም። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የደረጃው ጎረቤቶች ሳሎናቸው ተሰብስበው ሳለ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ጀመሩ። «ዕቃ የሚጠበቀው እንዲያገለግል ነው። ሰውን ከመውቀስ በፊት የራስን ጓዳ ማየት ንዴትን ያስቀራል፣ መንገድን ያሳጥራል፣ ልጅን ሥራዋ ላይ ያቆያል። አትቆልፉ አልልም፤ ቁልፉን ቦታው ላይ አድርጉት ነው የምለው።»

ውስጥ ክፍል ልጃቸው ለሁለት የሩቅ ሰዎች እያስተረጎመች ነበር። አንደኛው ሰውዬ ከኋላ የሚሰብከው ማነው ሲል ጠየቃት።

«አባቴ ናቸው፤ አብረን ነው የምንኖረው» አለችና ንግግሩን ካቆመችበት ቀጠለች።