ላስቲክ የለበሰው መደብ

— ሄሎ… አቤት፣ ሙሐመድያሲን። አዎ፣ ብሩክታይት ነኝ። ቢቸና ነኝ፣ ቢሮ።

— ደኅና ነኝ። እናትህስ?… እሰይ።

— መጥቷል። የቅጠሉ ውጤት ከላብራቶሪ ትናንት ነው የመጣው… እንዴት እንደምጠይቅህ ጠፍቶኝ ነው ያልደወልኩት።

— ሁለቱ መደቦች አንድ ዓይነት ናቸው። እንዲሞቅ ላስቲክ ያለበስነውም፣ ክፍቱም።

— ምን ችግር አለው? የቲማቲም ችግኝ ሲሞቀው ቅጠሉ ውስጥ ራሱን የሚከላከልበት ነገር ያበዛል ብዬህ አልነበር? አንቲኦክሲዳንት ያልኩህ። ሙቀቱ ሲበረታበት ደግሞ ያልቅበትና ይቃጠላል። ወይ ይጨምራል ወይ ይቀንሳል። ሃያ ቀን አርባ ዲግሪ ውስጥ ከርሞ እንዴት ምንም አይሆንም?

— ዘሩ ጠንካራ ነው?… እኔም መጀመሪያ እንደዚያ ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር።

— ሄሎ? ትሰማኛለህ?… እስቲ ወደ ደጅ ውጣ… አሁን ይሰማል።

— አንዴ ቆየኝ… አንተ ስጦታው፣ ሙሐመድያሲን ከሞጣ የላከውን ደብተር አቀብለኝ… አይ፣ አረንጓዴውን።

— በሁለተኛው ሳምንት የጻፍከውን ላንብብልህ። እሑድ ስምንት ሰዓት፣ አርባ። ሰኞ፣ አርባ። ማክሰኞ፣ አርባ። ማክሰኞ እኮ በረዶ ጣለ ብለህ አንተው ደውለህልኛል።

— ረቡዕ ነበር?… የደወልክበት ቀን ስልኬ ላይ አለ።

— አልተቆጣሁም። ቴርሞሜትሩን አይተኸዋል ወይ ነው የምልህ።

— የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቀን። ከዚያስ?… ከሱቅ መውጣት አልቻልክም። እና አርባ አርባ እያልክ ሞላኸው።

— ቆይ፣ በዚህ አያልቅም። አንተ ባታየውም መደቡ ላስቲክ ከለበሰ ይሞቃል። ቅጠሉን ከየትኛው መደብ ቆረጥከው?… አትማልብኝ። ከክፍቱ ብቻ ቆርጠህ ለላብራቶሪ በላክሃቸው ሁለቱም ሳጥኖች ውስጥ ከጨመርክ ንገረኝ።

— አጠገብህ ማን ነው የሚናገረው?… እናትህ ናቸው? ምን አሉ?… ስልኩን ስጣቸው።

— እትዬ ዘይዳ፣ እንደምን ዋሉ?… አይ፣ እየሰደብኩት አይደለም።

— እርስዎ?… በየቀኑ?

— እሱ ሱቅ ሲሄድ ላስቲኩን ገለጡት፣ ከመምጣቱ በፊት መልሰው አለበሱት… ውኃም ያጠጡት ነበር።

— ይገባኛል። ጠውልጎ ሲያዩት ያሳዝናል።

— እንግዲያ ቅጠሉን በትክክል ነው የቆረጠው። እንደ ሌባ ቆጠርኩት፤ ይቅር ይበለኝ። ደብተሩን ሳያይ መሙላቱን ግን ራሱ ያውቀዋል።

— ነገሩ የችግኝ ብቻ አይደለም፣ እትዬ። ይህ ዘር ሙቀት ይችላል ብዬ ልጽፍ ነበር። ሰዎች አምነውኝ ዓባይ በረሃ ወርደው ይተክሉታል። በሳምንቱ ያርርባቸው ነበር።

— አያልቅሱ። እስካሁን ምንም አልጻፍኩም።

— አዎ፣ እንደገና እንዘራለን። ሰኞ በግንደወይን በኩል እመጣለሁ። አሁን ያለውን ችግኝ ጓሮዎ ይትከሉት።

— ቴርሞሜትሩን እርስዎ ሊያዩልኝ?… ቁጥር ካወቁ ይበቃል። ከቤት የማይጠፉት እርስዎ ነዎት።

— ላስቲኩን ግን አይገልጡትም… አውቃለሁ፣ ያሳሳል።

— ከሞተ?… ከሞተ፣ ሞተ ብለው ይጻፉልኝ። እኔ የምፈልገው በትክክል የሆነውን ነው።

— እሺ። ሰኞ። ደኅና ይዋሉ።