ከሦስተኛ ፎቅ ያልወረደው የስፌት መኪና

ያን ቅዳሜ ጠዋት ልደታን ተሳልሜ ስመለስ፣ በኮንዶሚኒየማችን ሦስተኛ ፎቅ ደረጃ ላይ መንገድ የዘጋብኝ የስፌት መኪና ነበር። ጢሙ የሸበተው ቆራሌው ጴጥሮስ ከአራተኛ ፎቅ ሲያወርደው ደክሞት አስቀምጦታል። ከኋላው ጎረቤቴ ሐጂ በከር የደረጃውን ብረት ይዘው ቆመዋል።

«ምነው ሐጂ፣ ሸጡት እንዴ?»

«ሱፍያን ነው። ቤት አጠበበ አለ።» ድምፃቸው ከጉድጓድ የሚወጣ ይመስላል።

ሐጂ በከር አርባ ዓመት ሙሉ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ የተማሪ ዩኒፎርም ሲሰፉ ኖረዋል። ልጃቸው ሱፍያን መርካቶ ነግዶ ሲያልፍለት «ከእንግዲህ መርፌ ቢነኩ እኔን ማዋረድ ነው፤ ቁጭ ብለው ይጦሩ» ብሎ ሱቁን አስለቀቃቸው። አባትን ማሳረፍ በእኛ ዘንድ ክብር ነውና ጎረቤቱ ሁሉ መረቀው። እኔም መርቄያለሁ፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ። ከዚያ ወዲህ ሐጂ እንቅልፍ አጡ፣ እህል አስጠላቸው፣ ጁምዓ እንኳ በጉትጎታ ሆነ። ሐኪም ቢያያቸው ደማቸውም ስኳራቸውም ደህና ነው ተባለ።

በዚህ መሐል ነጅማ ከላይ ወረደች። ዓይናችን እያየ ያደገች የጎረቤት ልጅ ናት፤ ዛሬ በጤና ጣቢያ የሥነ ልቦና አማካሪ ሆናለች። መኪናውን ስታይ ቦርሳዋን ከትከሻዋ አወረደች።

«አባባ፣ ይህንንማ አይሽጡ!»

«ለምን ልጄ? ሠራሁ፣ ልጅ አሳደግሁ፣ አልሐምዱሊላህ ጠግቤ አድራለሁ። ሽማግሌ ከዚህ ሌላ ምን ያምረዋል?»

«መሆን የሚችለውን መሆን ያምረዋል።»

ጴጥሮስ ሳቀ። «እኔም ሚኒስትር መሆን ያምረኛል፤ እስከዚያው መኪናውን ላውርድ!»

ነጅማም አብራው ሳቀች፤ ግን እዚያው ደረጃው ላይ ተቀመጠች። «ሰው ከምግብና ከመጠለያ ሌላ ረሃብ እንዳለው ተመራማሪዎች ጽፈዋል፤ በውስጡ ያለውን ችሎታ የማውጣት ረሃብ። ራስን እውን ማድረግ ይሉታል። ድሮ ‹ሆድ ሳይሞላ አይመጣም› ይባል ነበር። አሁን ግን እንዲህ እንደ ቆምንበት ደረጃ በተራ የሚወጣ አለመሆኑን ብዙዎች ይናገራሉ። ድሀውም ይርበዋል፣ ሽማግሌውም።»

«ራስ፣ ራስ፣ ራስ! የዘንድሮ ትምህርት ሁሉ ራስ ነው። ይሄ ትዕቢት አይደል? እኛ የተማርነው ሰብር ነው፣ ትዕግሥት» አሉ ሐጂ።

እውነቴን ነው፣ ጥያቄው የእኔም ነበር። ትምህርቴ ስድስተኛ ክፍል ላይ የቆመ ሰው ነኝ፤ የቀረውን የተማርሁት በማንበብ፣ ይልቁንም በመስማት ነው። ጆሮዬን አቀናሁ።

«የተገኘው ግን ተቃራኒው ነው» አለች። «ችሎታቸውን ያወጡ ሰዎች ሥራቸው ውስጥ ሲገቡ ራሳቸውን ይረሳሉ። ሰው ምን ይለኛል ብለው ብዙ አይጨነቁም፤ ጉድለታቸውን ይቀበላሉ፤ ለሌላው ያዝናሉ። ድባቴና ጭንቀትም አነስ ብሎ ይታይባቸዋል።»

«ጤነኛ ስለሆኑ ይሆናላ ሥራ የሚወዱት!» አሉ ሐጂ።

ላጨበጭብላቸው ምንም አልቀረኝ። ነጅማ ግን ዓይኗ በደስታ በራ።

«ልክ ብለዋል! ተመራማሪዎቹም እሱ ላይ ይከራከራሉ። ሁለቱ አብረው እንደሚሄዱ ታይቷል፤ የትኛው የትኛውን እንደሚጎትት ግን ገና አልለየለትም። ለዚህ ነው ሕክምና የሚያስፈልገውን ሰው ‹ሂድ ስፋ› ብዬ የማልሸኘው። እርስዎንም ሰኞ ጤና ጣቢያ እጠብቅዎታለሁ። ብቻ ልብዎ የሚወደውን ነገር ለቆራሌ አይስጡ።»

«የሰው አፍስ? ‹ልጁ ጥሎት በስተርጅና መርፌ ያዘ› ሲሉ ሱፍያን አንገቱን ይድፋ?»

ጴጥሮስ ወሬው ስለረዘመበት ሸክሙን ለማቅለል መሳቢያውን ስቦ አወጣ። ክርና ቁልፍ ከወጣ በኋላ ከታች አንዲት ቢጫ የሆነች እጥፍ ወረቀት ቀረች።

«አባቴ፣ ይቺን ልጣላት?»

«ተው! እንዳትነካት!»

ሕንፃው አስተጋባ። ከታች የአንድ ቤት በር ተከፈተ። ይህን የሐጂን ድምፅ ከሰማነው ዓመት አልፎታል!

ሐጂ ወረቀቷን ጉልበታቸው ላይ ዘረጓት። «የኮት ቅድ ናት፣ የአቆራረጥ ንድፍ። ለጎበጠ፣ በምርኩዝ ለሚሄድ፣ አንድ ትከሻው ለወደቀ ሰው። ገበያ ላይ ያለው ኮት የሚሰፋው ቀጥ ላለ ሰው ብቻ ነው። ዩኒፎርሙ ሲያልቅ እሠራዋለሁ እያልሁ... ዩኒፎርም መች ያልቃል? ስንት መስከረም አለፈ!»

«ይህን ጥበብ ማን ሰጠዎት?» አለች ነጅማ ዝግ ብላ።

«አላህ ነዋ! ሌላ ማን ይሰጣል?»

ሐጂ ወረቀቷን ዳበሷት።

«አማና» አሉ በመጨረሻ። «የሰው አደራ በልቼ አላውቅም። የአላህን ግን መሳቢያ ውስጥ ቆለፍሁበት።»

እኔ በወንጌል መክሊቱን የቀበረው አገልጋይ ትዝ ብሎኝ ነበር፤ ግን አላነሣሁትም። እሳቸው በራሳቸው መንገድ ደርሰውበታልና።

ስልካቸውን አወጡ። «ሱፍያን! መኪናው አይሸጥም... እኔ ነኝ እንጂ ሌላ ማን ይሆናል? ድምፄ ምን ሆነ?... አላመመኝም አልሁህ! ስማ፣ ልታከብረኝ ከፈለግህ ማታ ስትመጣ የልብስ ጠመኔ ይዘህልኝ ና!»

«የእኔስ ድካም?» አለ ጴጥሮስ።

«ጆንያህን አምጣ።»

እዚያው የደረጃው ማረፊያ ላይ ክር አስገብተው፣ መርገጫውን ረግጠው፣ የተቀደደውን ጆንያ ጠቀሙለት። ጴጥሮስ ሁለት እጁን ሰድዶ ጎተተው፤ ስፌቱ አልበገር አለ። «ከአዲሱ በለጠ!» ብሎ መኪናውን መልሶ ለመሸከም የመጀመሪያው እሱ ሆነ።

አንባቢዬ፣ የመጣውን ጥቅም ልንገርህ። ሐጂ ዛሬ ይተኛሉ፣ ይበላሉ፣ ጁምዓ ማንም ሳይጎተጉታቸው ይሄዳሉ። ነጅማ ዘንድ መመላለሳቸውንም አልተዉም። ሁለት የሰፈር ሴቶች ቅድ ይማሩባቸዋል። አንገቱን ይደፋል የተባለው ሱፍያን፣ መርካቶ ውስጥ «የአባቴ ኮት» እያለ የሚኮራ ሆኗል። እናት አባትህን ማሳረፍህ መልካም ነው፤ ከማሳረፍህ በፊት ግን መሳቢያቸው ውስጥ ምን እንዳለ ጠይቅ።

የመጀመሪያው ደንበኛ እኔ ነበርሁ። ያን ዕለት መኪናውን ቤታቸው እንዳስገባን ሜትራቸውን አንገታቸው ላይ ጣሉና ገላመጡኝ።

«በሱፍቃድ፣ ግራ ትከሻህ ሦስት ጣት ይወርዳል። በነጠላ ስትሸፍነው የማላይ መስሎህ ነው? ዓይኔን ሲያሳክከኝ ስንት ዓመቱ! ና፣ ቁም!»

ከልጅነቴ ጀምሮ የደበቅሁት ትከሻዬ ነው። አፍሬ፣ ትንፋሼን ይዤ፣ በተቻለኝ መጠን ተስተካከልሁ።

«ቀጥ አትበል!» ብለው በደስታ ጮኹ፤ ሜትሩንም ትከሻዬ ላይ ዘረጉ። «እንዳለህ ቁም። እኔ የምሰፋው ለአንተ ነው።»